ውጤቱ የተጻፈ ነው፣ ወለሉ ግን እንጨት ነው

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። 40 ልሞላ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሬስሊንግ ተጣላን። እኔ ‹ድሮ በቪዲዮ ቤት ያየነው የእውነት ነበር፣ ድራማ የሆነው አሁን ነው› እላለሁ። እሱ ‹ከጥንት ጀምሮ ፌክ ነው፣ ተሸውዳችሁ ነው› ይለኛል። ጥብስ ተወራርደናል። አንተ ፊዚዮቴራፒስትም የሬስሊንግ ሱሰኛም ስለሆንክ ፍረደን። ደግሞስ ፌክ ከሆነ እንዴት ይጎዳሉ?»

መልስ፦

ወንድም ዓለም፣ መጥፎውን ዜና ላስቀድም። ጥብሱን የምትከፍለው አንተ ነህ።

በካሴት ያየሃቸው ግጥሚያዎች ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ሁለቱም ታጋዮች ቀድመው ያውቁ ነበር። ዳኛውም ያውቅ ነበር። የማናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። ግን ታናሽ ወንድምህም ጥብሱን እየቆረጠ ብዙ እንዳይፎልል። «ፌክ» ብሎ ሲዘጋው የነገሩን ትልቁን ግማሽ ዘሎታል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ወገብ፣ ጉልበትና አንገት ነው። ማታ ደግሞ ሬስሊንግ አያለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ልንገርህ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እኔም እንዳንተ የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ። የእኛው ከፒያሳ ወረድ ብሎ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። መግቢያው 50 ሳንቲም። ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ በመጋረጃ ፋንታ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ካሴቱ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስለሆነ የትኛው እግር የማን እንደሆነ መለየት ልምድ ይጠይቅ ነበር። አሜሪካ ከታየ ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ለእኛ ግን ትኩስ ነበር።

የቤቱ ዋና ሰው አስተርጓሚው ነበር። በር ላይ ገንዘብ ይቀበላል። ሳይከፍል የሚሾልከውን ልጅ በአርጩሜ ይመልሳል። ካሴቱ ሲጀምር ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያስረዳናል። እንግሊዝኛው ከሦስት ቃል አያልፍም። ይሄ ግን አላገደውም። ጃፓናዊ ነው የተባለው ግዙፉ ታጋይ ዮኮዙና እና ሙት ነው የተባለው አንደርቴከር ለምን እንደተጣሉ ሲነግረን፣ ዮኮዙና የአንደርቴከርን የአባቱን ርስት ቀምቶት ነው አለን። መጀመሪያ ድንበር ገፋ። አንደርቴከር ከሰሰ። ዳኛው ጉቦ በላ። ሽማግሌ ተላከ፣ ዮኮዙና ሽማግሌ አሳፍሮ መለሰ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ሪንግ።

እዚያ ቤት ውስጥ ከተቀመጥነው ልጆች መካከል ዘመዱ በመሬት ያልተካሰሰ ጥቂት ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባን።

ያ ግጥሚያ ሮያል ራምብል በሚባለው ዓመታዊ ዝግጅት ላይ በጃንዋሪ 1994 የተደረገው የሬሳ ሣጥን ግጥሚያ ነው። ተጋጣሚውን ሣጥን ውስጥ ከትቶ ክዳኑን የዘጋ ያሸንፋል። ዮኮዙና ብቻውን አልቻለም። ወደ አሥር የሚሆኑ ሌሎች ታጋዮች መጥተው አገዙት። አንደርቴከርን ደብድበው ሣጥኑ ውስጥ ዘጉበት። ጭስ ወጣ። መብራት ጠፋ። ከሣጥኑ ውስጥ ሆኖ በስክሪን ታየ፣ እመለሳለሁ አለ፣ ከዚያ ምስሉ ወደ ጣሪያው ሲወጣ አየን። ቤቱ ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበረ ልጅ አለቀሰ። አስተርጓሚውም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ «ሞቶ ወደ ላይ ወጣ» አልኳት። እናቴ ጸበል አምጥታ ረጨችኝ። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳልደርስ አስማለችኝ። ቅዳሜ ሄድኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሙያ ትምህርት ላይ ሆኜ፣ የዚያን ሣጥን ምስጢር አነበብኩ። ሰውየው ጀርባውን ታምሞ ነበር። ማረፍ ነበረበት። «አንደርቴከር ወገቡን አሞታል፣ ሐኪም እረፍት አዞለታል» ብሎ ለተመልካች መንገር ደግሞ አይቻልም። ሙት ነው የተባለ ሰው እንዴት ወገቡን ያመዋል? ስለዚህ ቀበሩት። እስከ ኦገስት አረፈና ተመለሰ። ወንድሜ፣ ያ ሣጥን የሕመም ፈቃድ ነበር። እኔ ለታካሚ ስጽፍ ማኅተም አደርግበታለሁ። እነሱ ጭስ አደረጉበት።

እንግዲህ ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ ዋናው እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሣጥኑ ድራማ ነው። ጀርባው የእውነት ነው። ድሮም አሁንም እንደዚያው ነው።

«ድሮ የእውነት ነበር» የምትለው ዘመን ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፣ ግን አንተና እኔ ቀርቶ አያቶቻችንም አልደረሱበትም። በ1908 ቺካጎ ላይ ፍራንክ ጎች ጆርጅ ሃከንሽሚትን ሲያሸንፍ ትግሉ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ሁለት ሰዓት! አብዛኛው መያያዝና መገፋፋት ነው። የእውነት ትግል ችግሩ ይሄ ነው። ሁለት እኩል ጠንካሮች ከተያያዙ ተመልካቹ እንቅልፉ ይመጣል። በ1920ዎቹ አዘጋጆቹ ነገሩን አሰቡበት። ግጥሚያውን አሳጠሩት፣ ውርወራና ዝላይ ጨመሩበት፣ ማን የሻምፒዮንነት ቀበቶውን እንደሚወስድ ቢሮ ውስጥ መወሰን ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

አንዱን ነገር ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። በ1989 የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ያኔ ደብሊው ደብሊው ኤፍ የሚባለው የሬስሊንግ ኩባንያ፣ ለኒው ጀርሲ የሕግ አውጪዎች ሥራችን ስፖርት ሳይሆን መዝናኛ ነው ብሎ በይፋ አመነ። ለምን? ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ለመውጣት። እኛ ከፍለን ስናለቅስ፣ እነሱ ላለመክፈል ሲሉ ከዓመታት በፊት አምነው ጨርሰዋል። ወሬው ፒያሳ ስላልደረሰ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

ሪንጉ ስፕሪንግ የተሞላ ፍራሽ የሚመስለው ሰው አለ። ሥሩ የብረት አግዳሚ ነው። ከላዩ የእንጨት ጣውላ። ከዚያ ስስ ስፖንጅ። ከዚያ የተወጠረ ሸራ። ትንሽ ይለጠጣል፣ አይካድም። ግን እንጨት እንጨት ነው። ከ2 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው ወለሉ ላይ ሲደርስ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። ከምትሄድ ባጃጅ ላይ በጀርባህ ተወርወር እንደማለት ነው። አንድ ታጋይ በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይወድቃል። በነጋታው ሌላ ከተማ።

ታዲያ እንዴት አይሰበርም? ጥበቡ አወዳደቁ ላይ ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ያጣብቃል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይመታ። በወገቡ ወይም በክርኑ አያርፍም። በላይኛው ጀርባው፣ ሰፊው ቦታ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ጠፍጠፍ ይላል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ወለሉን በመዳፉ ይመታል። ትንፋሹን ያወጣል። ምቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅም ከዚያ ይመጣል። እጁን ዘርግቶ በመዳፉ ሊደገፍ የሞከረ ግን አንጓው ይሰበራል። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የአንጓ ስብራቶች እንደዚያ ናቸው፣ ሬስሊንግ አይተው የማያውቁ እናቶች ጭቃ ላይ አንሸራቷቸው።

ሌላው ነገር፣ የሚነሳው ሰው ራሱ ይዘላል። 130 ኪሎ ሰው ካልፈለገ ከመሬት ማላቀቅ እጅግ ከባድ ነው። በማርች 1987 ሃልክ ሆጋን አንድሬ ዘ ጃያንትን ያነሳበትን አይተሃል። ኩባንያው 93,173 ሰው ገብቷል ያለበት ያ ቀን ነው። ሁሉም የሚያደንቀው ሆጋንን ነው። እኔ የማየው አንድሬን ነው። ሰውየው አጥንቱ ማደጉን የማያቆምበት በሽታ ነበረበት። ጀርባው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር። በልብሱ ሥር የወገብ ድጋፍ አስሮ ነው የገባው። ያ ጀርባ ወደ ላይ ተነስቶ እንዲጣል የፈቀደው ራሱ ነው። የዚያን ቀን ጀግና ማን ነው ብትለኝ የተጣለው ነው እልሃለሁ።

ስለ ደሙ ላጠያይቅህ አልፈልግም። ቀለም አልነበረም። ጣት ላይ በተጠቀለለ ፕላስተር ውስጥ የምላጭ ስባሪ ይደብቃሉ፣ ወድቀው ፊታቸውን ሲሸፍኑ ግንባራቸውን ጫር ያደርጋሉ። ግንባር ብዙ ይደማል፣ ላቡ ደግሞ ያባዛዋል። ደብሊው ደብሊው ኢ ከ2008 ጀምሮ ዝግጅቱን ለልጆችም እንዲሆን ሲያደርገው ይሄን ልማድ አስቆመ። ወንድምህ ያላየው ለዚያ ነው።

«ፌክ ከሆነ እንዴት ይጎዳሉ?» ላልከው አንድ ግጥሚያ ይበቃል። ኦገስት 1997፣ ስቶን ኮልድ ስቲቭ ኦስቲን ከኦወን ሃርት። የአንደርቴከርን ቱምስቶን ታውቀዋለህ፣ ሰውን ዘቅዝቆ ይዞ የሚጥልበትን። በትክክል ሲሠራ የተዘቀዘቀው ሰው ጭንቅላት ወለል አይነካም። የሚያነሳው ሰው በጉልበቱ ይወርዳል፣ የተዘቀዘቀው ሰው ጭንቅላት ከአንሺው ጉልበት ከፍ ብሎ በጭኖቹ መካከል ይቀራል። ክፍተቱ ከጥቂት ጣት አይበልጥም። የዚያን ቀን ኦወን በጉልበቱ ሳይሆን በመቀመጫው ወረደ። የኦስቲን ጭንቅላት ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር። የሰውየው ሙሉ ክብደት አንገቱ ላይ አረፈ።

ኦስቲን እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው። ግጥሚያው ግን አላለቀም። ውጤቱ ላይ የተጻፈው ኦስቲን ያሸንፋል ነው። ኦወን ነገሩ ገብቶት ወዲያ ወዲህ እያለ ሕዝቡን እየሰደበ ጊዜ ገዛለት። ኦስቲን ቀስ ብሎ በደረቱ ተሳበ፣ እንደምንም ኦወንን ከእግሩ ይዞ ገለበጠው፣ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። ካሴቱን ፈልገህ እየው። በሬስሊንግ ታሪክ እንደዚያ ደካማ የሆነ አሸናፊነት የለም። በደካማነቱም ነው የማምነው። በሙያዬ እንዲህ ያለ አንገት ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር እንዳይንቀሳቀስ አንገቱን አስሬ በቃሬዛ ነው የምልከው። እሱ ቀበቶ ተቀብሎ፣ በሰው ተደግፎ ወጣ። በ2000 አንገቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። በ2003 ከዘወትር ትግል ወጣ። በጉብዝናው ወራት ማለት ነው።

ውጤቱ ተጽፎ ነበር። አንገቱን የጻፈው ግን ማንም አልነበረም።

እኔም ያንኑ ቱምስቶን ሞክሬዋለሁ። 13 ዓመቴ ነው። ደንቢያ አጎቴ ቤት ክረምት ልናሳልፍ ሄደን፣ ከአጎቴ ልጅ ጋር ጭድ ክምር ላይ። እሱ አንደርቴከር ሆነ፣ እኔ ርስት ቀማኛው። ዘቀዘቀኝ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ትከሻዬ ላይ ወደቅኩና አንገቴ ሥር ያለችው አጥንት ቀጭ አለች። ወጌሻ ተጠራ። ቅቤ ቀብተው፣ አሽተው፣ በቀርከሃ አሰሩኝ። አንድ ጊዜ ሳያስጠነቅቁ ሲጎትቱኝ ያወጣሁት ድምፅ ዮኮዙናን ያስደነግጥ ነበር። አጥንቷ ገጠመች፣ ትንሽ ጎበጥ ብላ። ዛሬም ተማሪዎቼን «ንኩ፣ እንደዚህ ነው ያለ ቦታዋ የገጠመች አጥንት የምትዳሰሰው» እላቸዋለሁ። ልጆች ካሉህ ሬስሊንግ አትከልክላቸው፣ አንገት የሚነካውን ነገር ግን በአርጩሜም ቢሆን አስቁም። ፍራሽ ማንጠፍ አንገትን አያድንም።

ወንድምህ «እነዚህ ተዋንያን ናቸው» ካለህ ደግሞ ከርት አንግልን ጥቀስለት። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ በነጻ ትግል ወርቅ የወሰደው በተጎዳ አንገት ነው። ብሮክ ሌስነር የአሜሪካ ኮሌጆች የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፣ በኋላም ውጤቱ ያልተጻፈበት የፍልሚያ ውድድር፣ ዩ ኤፍ ሲ፣ ገብቶ በእውነተኛ ቡጢ ቀበቶ ወስዷል።

እሺ፣ አሁን ወደምትወደው ክርክር። የድሮው ይሻላል ወይስ የአሁኑ? እዚህ ላይ ባለሙያነቴን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ እንደ ደጋፊ ነው የማወራው።

ድሮ የሚሻለው ማይክ ላይ ነው። በተለይ ከ1997 እስከ 2000 ያለው። ዘ ሮክ፣ ኦስቲን፣ ሚክ ፎሊ። ሳይነካኩ በንግግር ብቻ 15 ደቂቃ ያቆሙህ ነበር። ይሄን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም፣ ፉከራ ነው። ሠርግ ላይ አንዱ ተነስቶ «ዘራፍ!» እያለ፣ ጠመንጃውን እየነቀነቀ፣ እንትናን ጣልኩ እንትናን ማረክሁ ሲል ፖሊስ የሚጠራ አለ? የሚሸሽ አለ? ሁሉም እያጨበጨበ እልል ይላል። «ውሸቱን ነው፣ ማንንም አልማረከም» የሚል ሰው ቢነሳ ከሠርጉ የሚባረረው እሱ ነው። ፎካሪው ቃለ መሐላ እየሰጠ አይደለም። ደማችንን እያሞቀ ነው። የዛሬዎቹ ታጋዮች ብዙዎቹ የተሸመደደ ነገር ይናገራሉ። ጥሩ ያነባሉ። አይፎክሩም።

በነገራችን ላይ ኦስቲን በ1996 ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሠርቶ የቀለደባት «ኦስቲን 3:16» የምትል ቲሸርት ነበረች። አንድ የቄስ ልጅ ጓደኛችን ከቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገዝቶ፣ መንፈሳዊ ቲሸርት መስላው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ለብሷት ሄደ። ወራት ለበሳት። ከጀርባዋ የራስ ቅል እንዳለባት ያየለት ሰው እስኪመጣ ድረስ።

ታዲያ ድሮ ሁሉ ወርቅ ነበር እንዳልል፣ የ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ በቆሻሻ የተሞላ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስብ ታጋይ ነበረ፣ ቀልድ አይደለም። ግብር ሰብሳቢ ነበረ። በ1995 ደግሞ ክፉ የጥርስ ሐኪም አመጡ። ማንም አልወደደውም። ያ ጥርስ ሐኪም ከሁለት ዓመት በኋላ ቀይ ጭንብል አጥልቆ ሲመጣ ግን ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብለን ተንቀጠቀጥን። ኬን ነው። የአንደርቴከር ወንድም የተባለው። ቤታቸው ሲቃጠል ሞቷል የተባለው። ወንድማማቾች አይደሉም፣ ዘመድም አይደሉም። በ2018 በቴነሲ ግዛት የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ጥርስ ነቃይ፣ ገሃነም አምላጭ፣ ከንቲባ። በአንድ ዕድሜ።

የአሁኑ የሚበልጠው ሰውነት ላይ ነው። የዛሬ ልጆች በችሎታ የድሮዎቹን ያስንቃሉ። ጥንቃቄውም ተሻሽሏል። ከ2010 ጀምሮ ጭንቅላትን በወንበር መምታት ተከልክሏል። የዘገየ ነው። ክሪስ ቤንዋ በ2007 ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን ካጠፋ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ክፉኛ ተጎድቶ ተገኘ። እኔ ያን ሰው በጣም አደንቀው ነበር። ዛሬ አንድም ግጥሚያውን ከፍቼ ማየት አልችልም። ኦወን ሃርትም በ1999 ከጣሪያ በገመድ ሲያወርዱት ወድቆ ሞተ፣ ዝግጅቱም ቀጠለ። ድሮን ስትናፍቅ እነዚህንም ጨምረህ ናፍቅ።

ሴቶቹንም ተመልከት። በእኛ ጊዜ ሴት ሪንግ ላይ የምትወጣው ልብሷ እንዲቀደድ ነበር። በኤፕሪል 2019 የዓመቱን ትልቁን ዝግጅት፣ ሬስልማኒያ 35ን፣ የዘጉት ሦስት ሴቶች ናቸው። እኔ ዛሬ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያኔ ካሴቱን ከእናቴ እደብቅ ነበር። በዚያው ምሽት ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ዋናውን ቀበቶ ወሰደ፣ ከአፍሪካ ተወልዶ የመጀመሪያው። ውጤቱ የተጻፈ መሆኑን እያወቅኩ፣ 30 ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ያቆምኩትን ለቅሶ ደገምኩት። እና የጻፈው ሰው ለምን 11 ዓመት አስጠበቀው ብዬ ተናደድኩ።

የማልወደው ግን አለ። ዛሬ ማንም በአንድ ምት አይሸነፍም። ድሮ ቱምስቶን ከመጣ አለቀ፣ ጫማህን ታጠልቃለህ። ዛሬ አራት ጊዜ መትቶት ይነሳል። የሁሉም ቱምስቶን ረከሰ። በሬ ወለደ ስትሰማ የሚቻለው አንዴ ነው፣ በየሳምንቱ ከወለደ ላም ማለት ነው። ሪንጉ ወለል ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ ሰውየው ሲወድቅ መጠጥ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከሁሉም በላይ የጠፋው መጠበቅ ነው። አንተና እኔ ቀጣዩ ካሴት እስኪመጣ ወራት ጠብቀናል። በመሀል «አንደርቴከር ሞቷል»፣ «አልሞተም፣ ሱዳን ታይቷል» እያልን። ወንድምህ ግን ውጤቱን ከመኝታው ሳይነሳ በስልኩ በ30 ሰከንድ ቅንጭብ ያያል። እሱን ፌክ የሚያስብለው ይሄ ይመስለኛል። የመጨረሻዋን ምት ብቻ ያየ ሰው እንዴት ያምናል? ሮማን ሬይንስ 1,316 ቀን ቀበቶውን ይዞ ቆይቶ በኤፕሪል 2024 ኮዲ ሮድስ ሲቀማው፣ ቀኖቹን ሁሉ ጠብቄ ስለነበር ዘልዬ ቡና ደፍቻለሁ። ወንድምህ ቅንጭቡን አይቶ ወደ ሌላ አለፈ ብዬ እገምታለሁ።

ለእሱ አንድ የቤት ሥራ ስጠው። የኤፕሪል 2014ቱን ሬስልማኒያ 30 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይይ። አንደርቴከር እዚያ መድረክ ላይ 21 ጊዜ ተጋጥሞ 21 ጊዜ አሸንፏል። «አክተር አይሞትም» እንል አልነበር? የዚያን ቀን ብሮክ ሌስነር አሸነፈው። አዳራሹ ያለው ሕዝብ ፊት ላይ የሚታየውን ድንጋጤ ማንም ዳይሬክተር አያወጣውም። ሁሉም ውጤቱ እንደሚጻፍ ያውቃሉ። ያም ሆኖ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በመሀል አንደርቴከር ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ ተናውጦ ነበር። ሆስፒታል ገባ። ስለ ግጥሚያው ምንም እንደማያስታውስ ራሱ ተናግሯል። በዕድሜው 49 ነበር። የሽንፈቱን ሰዓት መላው ዓለም ሲያስታውሰው እሱ ብቻ የለውም።

ወደ ውርርዱ ልመለስ። ጥብሱን ክፈል፣ አትከራከር። ነገር ግን ወንድምህ እየበላ ኦስቲን በደረቱ ሲሳብ የሚታይበትን ግጥሚያ በስልክህ ክፈትለት። ከዚያ ሁለተኛውን ጥብስ እሱ ካላዘዘ እኔ እከፍላለሁ።

አስተርጓሚውን ደግሞ ባለፈው ጥምቀት አገኘሁት። ሸምግሏል፣ ጸጉሩ ነጭ ነው፣ ሱቅ አለው። ዮኮዙና በ2000 እንደሞተ ነገርኩት። ጃፓናዊ አለመሆኑንም፣ የሳሞአ ተወላጅ አሜሪካዊ እንደነበረ። አንደርቴከርም ከትግል ጡረታ ወጥቷል አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ጋቢውን አስተካክሎ ጠየቀኝ፦

«እና ርስቱስ? ተመለሰለት?»